«የአምስት ልጆች እናት ነበሩ»፤ የተራ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፍ?

በአገራችን ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍለታል። እሱም በቀብሩ ቀን፣ ባለቤቱ በማይሰማበት ሰዓት ነው። «የሕይወት ታሪክ» የምንለው የዚያ አንድ ገጽ አካሄድ ሁላችንም በቃል የምናውቀው ነው፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከአቶ እገሌ ጋር ተጋብተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሟቿ ሴት ከሆነች ደግሞ «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የምትል ዐረፍተ ነገር ትጨመራለች። ለማን ደረሱ? መቼ? ምን ይዘው? አይባልም። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የክፍል ሥራ ውስጥ ብናስገባ መምህራችን በቀይ ያሰምሩበታል፤ ቀብር ላይ ግን ያልፋል።

በሰው የምስቅ አይምሰላችሁ፤ ጥፋቱን የሠራሁት እኔው ነኝ።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ የእናቴ አክስት ደብረ ሲና ላይ አረፉ። ቤተሰቡ እቴቴ ይላቸዋል። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። የደሴ መንገደኛ ሁሉ ቆሎዋን ያውቃል። እቴቴም ከቆሎ ሻጮቹ አንዷ ነበሩ። እኔ አዲስ አበባ በማደጌ ያየኋቸው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ግን «ጋዜጠኛዋ እያለች ማን ይጽፋል?» ተባለና ወረቀት ተሰጠኝ። መታወቂያቸው የልደት ዘመን 1940 ይላል። የቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ አምስት ልጆች ተመዝግበዋል። በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ሲነበብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ጽሑፍሽስ ያምራል። ግን ያቺ ስድስተኛዋ ስትሰማው ምን ትበል?» አሉኝ። ስድስተኛዋ ጓዳ ሆነው ሳህን ያጥቡ ነበር። እኔ ለማስተናገድ የመጡ የእድር ሴት መስለውኝ፣ ጠዋት «ውኃ ይስጡኝ» ብያቸዋለሁ።

ለአርባው ስሄድ ደብተር ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ዕድሜያቸውን ላጣራ ብዬ ተነሣሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም፣ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2008 ስለሆነ፣ በእቴቴ ዕድሜ ላለች ሴት መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። ስለዚህ «መቼ ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «ያኔ ምን ያህል ነበሩ?» ነው የሚባለው። አብሮ አደጋቸው «እቴጌ መነን ያረፉ ጊዜ ገና እንዝርት መያዝ ስንማር ነው» አሉኝ። እቴጌ መነን ያረፉት በየካቲት 1954 ነው። እንዝርት የሚለመደው ሰባት፣ ስምንት ዓመት ላይ ከሆነ ልደታቸው ወደ 1946 ይመጣል። እኔ ስድስት ዓመት ጨምሬባቸዋለሁ ማለት ነው።

ቃለ መጠይቁ በቡና ላይ ነበር። በቡና ላይ ያልጠየቀ፣ አልጠየቀም። አቦሉ ላይ ሁሉም «ደግ ነበረች» አሉ፤ መዝጋት የፈለግሁት ያኔ ነበር። ቶናው ላይ ሳቅ መጣ። በረካው ላይ ግን አብሮ አደጋቸው ድንገት «እኔና እሷ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም» አሉ። በእቁብ ዕጣ ተጣልተው፣ ቤታቸው አጥር ለአጥር ሆኖ፣ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ያስታረቃቸው ሽማግሌ አይደለም። የእድር ደብተር ነው።

ደብተሩን አሳዩኝ። እቴቴ ማንበብና መጻፍ የተማሩት በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ልጅ አዝለው ነው። በዚያችው ፊደል የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ሆኑ። የወር መዋጮው 2 ብር ነበር። በየስሙ ትይዩ የ«ተከፍሏል» ምልክት አለ፤ አንዳንዱ ጋ ግን «በ.እ» የምትል ትገኛለች። ምን ማለት ነው? አንዷ «በእድሩ» አሉ፤ ሌላዋ «በእዳ» አሉ። አብሮ አደጋቸው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «በእኔ ማለት ነው» አሉ። ባላቸው ወደ ሰሜን ዘምተው በነበረበት በ1980 ዓ.ም በእሳቸው ስም ትይዩ ሰባት «በ.እ» ተከታትላለች። ያውም የኩርፊያው ዓመት ነው። ያልከፈለ ከእድር ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ ሲሞትበት ድንኳንም፣ እንጀራም፣ ተሸካሚም የለውም። «ለተቸገረ ደራሽ» ያልኩት ይኸው በደብተር ሰፍሮ ቁጭ ብሏል፣ ለካ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ደብተሩ ውስጥ የሌሎችም ሴቶች ስም ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ ከተማው ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ፎቶ ላነሣ ስል አብሮ አደጋቸው እጄን ያዙኝ፤ «የኔን ጻፊ፣ ስሜን ግን እንዳታነሺ፤ የሌላውን ገመና አትንኪ» አሉ። ማስረጃ በእጄ እያለ መተው ከበደኝ። ተውኩት። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ የእቴቴን ጎረቤቶች ግን እነሱ አያውቋቸውም።

በመጨረሻ ወደ ስድስተኛዋ ሄድኩ። እትዬ አላቸዋለሁ አሁን። በ1977 ድርቅ ጊዜ፣ እህል ለወሎ አራግፎ የሚመለስ የጭነት መኪና ሹፌር የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ እቴቴ ቆሎ የሚሸጡበት ጋ ቆመ። «እስክመለስ ያዙልኝ» አለ። አልተመለሰም። ቅጹ ላይ ለምን አልተጻፉም ብዬ ስጠይቃቸው «ቅጹን የሞላው የእቴቴ ባል ነው» ብለው ዝም አሉ። እኔም አልገፋሁም።

ለሙት ዓመቱ ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። «የስድስት ልጆች እናት» አልኩና የእትዬን ስም ከአምስቱ ቀጥዬ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ። ከመነበቡ በፊት አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው ስማቸውን ከታች ሰረዙና ሦስተኛው ላይ ጻፉት።

«በዕድሜ ሦስተኛ እኔ ነኝ» አሉ።