ድርቆሽ ወይስ ገለባ?

በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ዙሪያ፣ መኸር ከገባ በኋላ በየገበሬው ግቢ ሁለት ዓይነት ክምር ይታያል። አንደኛው ከመስክ ታጭዶ የደረቀው ሣር፣ ድርቆሽ ነው፤ ሁለተኛው ከአውድማ የተረፈው የጤፍ ወይም የዳጉሳ ገለባ ነው። የጎመንና የቃሪያ መደቡን ከበጋ ፀሐይ ለመሸፈን የሚያስብ ሰው የትኛውን ይምረጥ?

የአፈር መሸፈኛ ጥቅሙ ሦስት ነው፤ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል፣ አረምን ብርሃን ይነሣል፣ አፈሩም በዝናብ እንዳይታጠብ ይጠብቃል። ለዚህ ተግባር ሁለቱም ያገለግላሉ። የሚለያዩት በሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ሣሩ የታጨደው ዘር ካፈራ በኋላ ከሆነ፣ ድርቆሹን በመደብ ላይ ማንጠፍ አረምን በገዛ እጅ እንደ መዝራት ይቆጠራል። ገለባ ግን በአውድማ ተወቅቶ ዘሩ ስለ ወጣለት የሚበቅልበት ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፦ በስንዴ ገለባ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን ይገኛል፤ በድርቆሽ ውስጥ ግን እንደ ሣሩ ዕድሜ ቢለያይም በ30 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገለባ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል፣ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ተክሉም ይገረጣል። ከላይ ብቻ ሲነጠፍ ግን ይህ ጉዳት እምብዛም አይደርስም።

ይሁን እንጂ በአገራችን ሦስተኛ ባለ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በሬው ነው። በበጋው መጨረሻ መስኩ ሲደርቅ፣ ለእርሻ ጉልበት የሚሆነው መኖ ከእነዚሁ ክምሮች ይወጣል። ድርቆሽ በፕሮቲን ከገለባ ስለሚበልጥ፣ እርሱን ለጎመን ማንጠፍ የበሬን ጉልበት መቀነስ ነው። ደኅናው ገለባም ቢሆን መኖ ነው፤ ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ድርቆሹ ለከብቱ ይሁን፤ ለመደቡ ከክምሩ ሥር በእርጥበት የተበላሸውና ከብት ንቆ የተወው ገለባ ይበቃዋል። የድርቆሹም ናይትሮጅን አብዛኛው በፍግና በሽንት ወጥቶ ወደ ጓሮው ሊመለስ ይችላል።

አሠራሩም ቀላል ነው። መደቡን አስቀድሞ ውኃ ማጠጣት፣ ገለባውን አራት ጣት ያህል ማንጠፍ፣ ግንዱ እንዳይበሰብስ ዙሪያውን ጥቂት ክፍት መተው ነው። ገለባው ከበሰበሰ በኋላ ከፍግ ጋር ከአፈሩ ይቀላቀላል።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ በአንድ መደብ ላይ እንሞክረው፤ አጠገቡ ያለውን ሳንሸፍን ትተንም ሁለቱን እናስተያይ። ከወላጆቻችን ጋር ስንመካከር ከንግግራችን ይልቅ መደቡ ይመሰክርልናል።