ጨዋታ በጎልማሶች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት፦ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር እንደ ማሳያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታ ለጎልማሶች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት የሚጠቅመው በምን ሁኔታ እንደሆነ መመርመር ነው። ጨዋታ ብዙ ጊዜ የድካም ማስታገሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ከሥራ በኋላ ወደ ማታ ትምህርት የሚመጣ ጎልማሳ ግን ፋይዳው ያልታየውን ጨዋታ የልጆች ነገር አድርጎ ሊንቀው ይችላል።

ለማሳያነት የተመረጠው የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ «ማታ ትሠራለህ» የሚለው ሐሳብ በድምፅ ቃና ብቻ ጥያቄ ይሆናል፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም። እንግሊዝኛ በመደበኛ አነጋገር ከባለቤቱ በፊት ረዳት ግስ ይፈልጋል፦ «ዱ ዩ ዎርክ አት ናይት?» ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን ደግሞ «ዱ» ወደ «ደዝ» ይለወጣል። ተማሪው ሕጉን በደብተሩ ላይ በትክክል ቢጽፍም፣ ሲናገር «ዩ ዎርክ አት ናይት?» ሊል ይችላል። አድማጩ ስለሚረዳው ጉድለቱ ሳይታረም ያልፋል።

«ሃያ ጥያቄ» የተባለው ጨዋታ ይህን ችግር በግልጽ ያሳያል። አንድ ተማሪ አንድ የሥራ ዓይነት፣ ለምሳሌ ነርስነትን፣ በልቡ ይይዛል፤ ሌሎቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስመልሱ ጥያቄዎች ለማወቅ ይሞክራሉ። ጨዋታው እንዲሁ ከተለቀቀ «ናይት?»፣ «ሆስፒታል?» ማለት ለማሸነፍ ይበቃል። በዚህ መልክ የሚለማመዱት ቃላትን እንጂ ሰዋስውን አይደለም።

መፍትሔው ሕጉን መለወጥ ነው። በትክክል ያልተዋቀረ ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ ከሃያዎቹም አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ተማሪዎቹም በቡድን ሳይመክሩ አይጠይቁም። ምክክሩ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሪቻርድ ሽሚት በ1990 እ.ኤ.አ. ለቋንቋ ትምህርት አስፈላጊ ነው ያለውን ቅርጽን ልብ የማለት ሂደት ያነሣሣል። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ የቡድኑ ስለሚሆን በዕድሜ የገፋ ተማሪ በልጆቹ እኩዮች ፊት ብቻውን አያፍርም። ስቲፈን ክራሸን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ጭንቀት ትምህርትን እንደሚያግድ ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ብቻውን በቂ አይደለም። መምህሩ የታዩትን ስሕተቶች ስም ሳይጠቅስ በሰሌዳ ላይ ሊያብራራ፣ ተማሪዎቹም ቀጥለው ስለ እውነተኛ ሥራቸው ሊጠያየቁ ይገባል። በመሆኑም አንድን ጨዋታ ለሰዋስው ትምህርት ከመምረጥ በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ያዝናናል ወይ?» ሳይሆን «የተፈለገውን ቅርጽ ሳይጠቀሙ ማሸነፍ ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው።