ስለ ሰንሰለት መደብሮች ታሪክና ስለ ሰፈር ሱቅ

ሰንሰለት መደብር የሚባለው በአንድ ስም በየከተማው ቅርንጫፍ የሚከፍት፥ ዕቃውንም በአንድ እጅ በብዛት እየገዛ ለቅርንጫፎቹ የሚያከፋፍል የችርቻሮ ንግድ ቤት ነው። የእነዚህን ቤቶች ታሪክ ማወቅ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንደ ትርፍ ዕውቀት የሚቆጠርበት ዘመን አልፏል፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለሀብቶች ተከፍቷልና። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጎፋ፥ በመካኒሳ፥ በለቡና በጀሞ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነገ በደጁ ሊቆም የሚችለው ጎረቤት በምን እንደሚበረታና በምን እንደሚወድቅ አስቀድሞ ቢመረምር ይጠቀማል።

በዚህ ንግድ ስመ ጥር ከሆኑት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ጅማሬው ግን ታላቅ ሕንፃ አልነበረም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ሚካኤል ማርክስ የተባለ፥ ከሩሲያ ግዛት የተሰደደ አይሁዳዊ፥ በሊድስ ከተማ ገበያ አንድ መደብ ይዞ ዕቃውን በአንድ ፔኒ ይሸጥ ጀመር። የአገሩን ቋንቋ ገና ስላልለመደ ዋጋ መከራከር አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ አንድ ፔኒ መሆኑንና መጠየቅ እንደማያስፈልግ የሚናገር ጽሑፍ ሰቀለ። ክርክር ለለመደ ገዢ ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ነገር ግን የተላከ ሕፃን እንኳ ከአዋቂ እኩል የሚገዛበት ቦታ ሆነ። በ1894 ቶማስ ስፔንሰር በሽርክና ገብቶ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ተባለ። በ1920ዎቹ ደግሞ ኩባንያው በመካከል ያለውን ጅምላ ነጋዴ እየተወ በቀጥታ ከፋብሪካ መግዛት ጀመረ። የዋጋው ርካሽነት ምስጢር ከሕንፃው ማማር ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

ከዚህም አርባ ዓመት ቀድሞ፥ በ1844፥ በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች 28 ፓውንድ አዋጥተው ቅቤ፥ ስኳር፥ ዱቄትና ሻማ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር። ትርፉን እያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ይካፈሉት ነበር። እንዲህ ያሉ ማኅበሮች በተበራከቱ ጊዜ በ1863 በኅብረት የሚገዛላቸው የጅምላ ድርጅት አቋቋሙ። ትንሹ ሱቅ ትንሽነቱን ሳይተው የትልቅ ገዢ ጉልበት አገኘ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ከጣልያን ወረራ በፊት የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያና መቀመጫውን በኤደን ያደረገው የፈረንሳዊው አንቶናን ቤስ ኩባንያ በገቢና በወጪ ንግድ ከፍ ያለ ስፍራ ነበራቸው። (በኦክስፎርድ የሚገኘው የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ የተቋቋመው በዚሁ በቤስ ገንዘብ ነው።) ነገር ግን ኃይላቸው በማስመጣትና በጅምላ ላይ ስለነበረ የሰፈሩ ችርቻሮ በብዙ ትናንሽ ባለሱቆች፥ በተለይም ከየመን በመጡ ዐረቦች እጅ ቆየ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የተስፋፋው የቀበሌ ኅብረት ሱቅ በመልኩ ሰንሰለትን ይመስል ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያድለው ራሽን ስለነበረ ገዢ የሚመርጥበት ገበያ አልነበረም። ዛሬ በየወረዳው ያሉት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለሮችዴሉ ሐሳብ ይበልጥ ይቀርባሉ።

ሰንሰለቱም ቢሆን ይበጠሳል። በ1909 በሊቨርፑል የተከፈተው የእንግሊዙ ዉልዎርዝስ በመቶኛ ዓመቱ ዋዜማ ከ800 የሚበልጡ ሱቆቹን ዘግቶ ወደ 27 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ተበተነ። መሠረቱ ከ1778 የሚቈጠረው ደበናምስም በ2021 ተዘጋ። በኢንተርኔት የሚካሄደው ንግድና የከበደ ዕዳ እንደጎዷቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ቤቶች አንድ የሚመሳሰል ታሪክ ይገኛል፤ የራሳቸው የነበሩ ብዙ ሕንፃዎች አስቀድመው ተሸጠው፥ እዚያው ቦታ ለረጅም ዘመን በውል ተከራዮች ሆኑ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪራይ አብሮ አይቀዘቅዝም።

ይህ ነገር ለጀሞ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱን በጨረታ ገዝቶ የሚሠራና ከገዢው ተከራይቶ የሚሠራ በአንድ መደዳ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሳሙና ይሸጣሉ፤ ወር ሲሞላ ግን ሒሳባቸው የተለያየ ነው። ተከራዩ ልዩነቱን በዋጋ ላይ ቢጨምር ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ኪራዩን መቀነስ በእጁ ካልሆነ፥ በእጁ ያለው የሚገዛበት ዋጋ ነው። የአትክልት ጅምላ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ ለዚህ ክፍለ ከተማ ባለሱቅ ምንጩ ቀርቦታል። ሆኖም አንድ ባለሱቅ ብቻውን ሄዶ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ቢገዛ የሚቀበለው የተነገረውን ዋጋ ነው፤ አሥር ባለሱቆች አንድ የጭነት መኪና ሙሉ በአንድነት ሲጠይቁ ግን ነጋዴው ራሱ ለመደራደር ይቀመጣል። በፋብሪካ ዘይትና በፓስታም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የጋራ መዝገብ፥ የሁሉም እምነት ያለበት ገንዘብ ያዥ፥ በየመደርደሪያውም ላይ በጉልህ የተጻፈ ዋጋ ነው።