የጁባ የባህል ፍርድ ቤትና የትዳር ፍቺ

ሀ. ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጉዳያቸውን በመጀመሪያ የሚያየው ማን ነው?
2. ጋብቻ የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው ወይስ የሁለት ቤተሰቦች? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ለ. ምንባብ

ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የባሪ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሚኖርበት ምድር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ ሙንዳሪው፣ ኩኩውና አዛንዴው ሁሉ ይኖሩባታል። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ቋንቋና የራሱ የጋብቻ ሥርዓት አለው፤ በገበያና በችሎት የሚግባቡት ግን በአብዛኛው በጁባ ዓረብኛ ነው። በዚህች ከተማ ባልና ሚስት ተጣልተው መለያየት ሲፈልጉ ብዙዎቹ የሚሄዱት መንግሥት የሾማቸው የሕግ ዳኞች ወደሚያስችሉበት ፍርድ ቤት ሳይሆን፣ የጎሣ አለቆችና ሽማግሌዎች ወደሚሰየሙበት የባህል ፍርድ ቤት ነው።

የባህል ፍርድ ቤት በአገሪቱ አዲስ ተቋም አይደለም። ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው የአለቆች ፍርድ ቤት ድንጋጌ የደቡብ ጎሣ አለቆች እንደየሕዝባቸው ልማድ እንዲዳኙ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2011 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ እነዚህን ፍርድ ቤቶች በደረጃ አደራጃቸው። በታችኛው እርከን፣ ቦማ በሚባለው አነስተኛ ቀበሌ፣ የ«ኤ» ፍርድ ቤት አለ። ከእርሱ በላይ በፓያም ደረጃ የ«ቢ» ፍርድ ቤት፣ ከዚያም በካውንቲ ደረጃ የ«ሲ» ፍርድ ቤት ይገኛል። ለከተሞችም የከተማ ችሎት ተፈቅዷል። በአንዱ እርከን ውሳኔ ያልረካ ሰው ወደሚቀጥለው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ከ«ሲ» ፍርድ ቤት በላይ ያለው ይግባኝ የሚቀርበው ለካውንቲው የመንግሥት ዳኛ ነው።

በእነዚህ ችሎቶች የሚታየውን የፍቺ ክርክር ለመረዳት አስቀድሞ የማጫን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማጫ የወንዱ ወገን ለሴቷ ወገን የሚሰጠው ሀብት ነው። ከብት አርቢ በሆኑት በዲንካና በኑዌር ዘንድ ማጫ የሚከፈለው በከብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኑዌርን ሕዝብ አኗኗር ያጠናው እንግሊዛዊው ኤቫንስ ፕሪቻርድ፣ በልማድ ተገቢ ነው ተብሎ የሚታሰበው ማጫ አርባ ከብት እንደ ነበረ፣ ይህም ለሴቷ አባት ወገንና ለእናቷ ወገን ይከፋፈል እንደ ነበረ ጽፏል። በጁባ ከተማ ከብት ማርባት ስለሚያስቸግር የማጫው ከፊል ወይም ሁሉም በገንዘብ ሊተካ ይችላል። ቢሆንም ትርጉሙ ያው ነው፤ ማጫ ሁለት ቤተሰቦችን ያስተሳስራል፣ የሚወለዱትም ልጆች የአባታቸው ወገን መሆናቸውን ያጸናል።

ችግሩ የሚነሣው ትዳሩ ሲፈርስ ነው። በልማዱ መሠረት ፍቺ ሲጸና ማጫው ለባል ወገን መመለስ አለበት። ነገር ግን ለእኅት ማጫ የመጡት ከብቶች በአባቷ በረት ቆመው አይጠብቁም። ብዙ ጊዜ ወንድሟ ሚስት የሚያገባው በእነዚያው ከብቶች ነው። ከፊሎቹ ለአጎቶችና ለአክስቶች ተከፋፍለዋል፤ ከፊሎቹ ሞተዋል፤ ከፊሎቹም ወልደዋል። እንግዲህ አንዲት ሴት «ከባሌ ልፋታ» ስትል ጥያቄዋ በእርሷ ላይ አያበቃም። አባቷ ከብት መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ የወንድሟም ትዳር ሊናወጥ ይችላል። ከዚህ የተነሣ የገዛ ቤተሰቧ «ታገሺ» ብሎ ወደ ባሏ ቤት ሊመልሳት ይችላል።

አሁን አንዲት ሴት ፍቺ ጠየቀች እንበል። በመጀመሪያ ጉዳዩን የሚያዩት የሁለቱም ወገን ዘመዶች ናቸው። ዕርቅ ካልተገኘ ሴትየዋ ወይም ወላጆቿ የተወሰነ ክፍያ ፈጽመው አቤቱታቸውን ለባህል ፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ባልም መጥሪያ ይደርሰዋል። በቀጠሮው ቀን አለቃውና ሽማግሌዎቹ ተሰይመው በመጀመሪያ ከሳሽን፣ ቀጥሎ ተከሳሽን ያዳምጣሉ። «አይመግበኝም»፣ «ይደበድበኛል»፣ «ቤቱን ትቶ ሄደ»፣ «ልጅ አልወለደችልኝም» የሚሉት በችሎቱ የሚሰሙ ምክንያቶች ናቸው። ከዚያም ምስክሮች ይቀርባሉ። ከምስክሮች ሁሉ ተፈላጊ የሚሆኑት ጋብቻው ሲፈጸም የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ስንት ከብት እንደ ተሰጠ፣ የቱ ላም የትኛውን ጥጃ እንደ ወለደች የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸውና። ጋብቻው በጽሑፍ ካልተመዘገበ ማስረጃው የምስክር ትውስታ ነው።

ሽማግሌዎቹ ክርክሩን ከሰሙ በኋላ የመጀመሪያ ጥረታቸው ማስታረቅ ነው። ጥፋተኛውን ይገሥጻሉ፤ ካሣ እንዲከፍል ያዛሉ፤ ባልና ሚስቱም እንዲያስቡበት ቀጠሮ ይሰጣሉ። ዕርቁ ሳይሳካ ከቀረ ሁለት ጉዳዮች ይወሰናሉ። አንደኛው የማጫው መመለስ ነው። በአንዳንዱ ባህል ልጅ ከተወለደ ከብቶቹ በሙሉ አይመለሱም፤ የተወሰኑት በሴቷ ወገን ይቀራሉ። ሁለተኛው የልጆች ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ጨቅላ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ይደረጋል፤ ሲያድግ ግን የአባቱ ወገን ይወስደዋል። ስለዚህ እናቲቱ ከክፉ ትዳር ስትወጣ ልጆቿን ትታ ልትወጣ ትችላለች።

የባህል ፍርድ ቤት ጥቅሞች እንዳሉት አይካድም። ለሕዝቡ ቅርብ ነው፤ ክርክሩ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይካሄዳል፤ ጠበቃ ማቆም የማይችል ድኻም ቃሉን ራሱ ማሰማት ይችላል። በተጨማሪም ሁለት ቤተሰቦች በከብት ምክንያት ወደ ደም መፋሰስ እንዳይሄዱ ይከላከላል። በሌላ በኩል ግን በችሎቱ የሚሰየሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። የከብቶቹ ቁጥር ሲተነተን አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ የሴቲቱ ቃል ግን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ጉድለት ለማረም የሚያስችል የሕግ መሠረት በአገሪቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል ክብር እንዳላቸው፣ ጋብቻም ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንደማይፈጸም ይደነግጋል። ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ፍርድ ቤቶች በቅድሚያ ማሰብ ያለባቸው የልጁን ጥቅም እንደሆነም ይገልጻል። የ2009ኙ ሕግ ደግሞ የባህል ፍርድ ቤቶች ወንጀልን በራሳቸው ሥልጣን እንዳያዩ ከልክሏል፤ ወንጀል ማየት የሚችሉት ነገሩ ከባህል ጋር የተያያዘ ሆኖ ከመንግሥት ፍርድ ቤት ሲመራላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ሚስቱን ያቆሰለ ባል ነገሩ የቤት ጠብ ነው ተብሎ በሽምግልና ብቻ ሊያመልጥ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጁባ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃትና የወጣት አጥፊዎችን ጉዳይ የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት የተከፈተውም ለዚህ ዐይነቱ በደል ነው።

ባህልንና ሕግን የማስማማት ጥያቄ የደቡብ ሱዳን ብቻ አይደለም። በጎረቤት አገር በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት ባልና ሚስቱ የመረጧቸው የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌዎች ፈጽሞ አልተገለሉም፤ ሥራቸው ማስታረቅ ብቻ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ካልታረቁ ግን ፍቺውን ይወስናል፤ የልጆችን አያያዝ፣ ቀለብና የንብረት ክፍፍልም እንዲሁ። የጋራ ሀብታቸውም በመርሕ ደረጃ እኩል ይከፈላል።

ከዚህ የምንረዳው የሽማግሌ ምክርና የዳኛ ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ምክሩ የሚያስታርቅ ሲሆን ያስመሰግናል፤ መታረቅ የማትፈልገውን ሰው በግድ የሚያስር ሲሆን ግን ምክር መሆኑ ይቀራል። በጁባ ችሎት የሚቀርቡት ከብቶች ሊቆጠሩ፣ ሊከፈሉና ሊመለሱ ይችላሉ፤ ዕዳውን በዕድሜዋ እንድትከፍል የሚፈረድባት ሴት ዘመን ግን አይመለስም። ስለዚህ በማንኛውም የቤተሰብ ችሎት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ከብቱ ስንት ነው?» የሚለው ሳይሆን «እርሷ ምን ትላለች? ልጆቹስ የት ይደላቸዋል?» የሚለው ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ማጫ፦ ለጋብቻ ሲባል የወንድ ወገን ለሴት ወገን የሚሰጠው ከብት ወይም ገንዘብ
ድንጋጌ፦ በሕግ የተወሰነ ትእዛዝ
ችሎት፦ ዳኞች ተሰይመው ክርክር የሚሰሙበት ጉባኤ
አቤቱታ፦ ለዳኛ የሚቀርብ የበደል ማመልከቻ
መጥሪያ፦ ተከሳሽ በቀጠሮ ቀን እንዲቀርብ የሚደርሰው ትእዛዝ
ይግባኝ፦ በውሳኔ ያልረካ ሰው ለበላይ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ክርክር
ቀለብ፦ ለልጅ ወይም ለቤተሰብ መተዳደሪያ እንዲሰጥ የሚወሰን ገንዘብ

መ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።

1. የባህል ፍርድ ቤቶች እርከኖች እነማን ናቸው? የመጨረሻው ይግባኝ ለማን ይቀርባል?
2. የእኅት ፍቺ የወንድምን ትዳር ሊያናውጥ የሚችለው እንዴት ነው?
3. ጋብቻው ሲፈጸም የነበሩ ምስክሮች በፍቺ ክርክር ለምን ይፈለጋሉ?
4. የ1952 ዓ.ም. እና የ1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕጎች ለሽማግሌዎች የሰጡትን ሥልጣን አነጻጽሩ።
5. «ምክር መሆኑ ይቀራል» የሚለው ሐረግ በምንባቡ ውስጥ ምን ለማለት ተነገረ?

ሠ. ድርሰት

«የባህል ሽምግልና ሊጠበቅ የሚገባው ምኑ ነው? ሊሻሻል የሚገባውስ?» በሚል ርእስ በሦስት አንቀጽ የተከፈለ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥቅሙን፣ በሁለተኛው ጉድለቱን፣ በሦስተኛው የራሳችሁን አስተያየት ከነምክንያቱ ግለጹ።