የጓሮ ርጭት መስኖ በታይመር፦ ተከላና አጠቃቀም



በጓሮ መስኖ ሥልጠና ላይ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን ዕቃ እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ታይመር በተሞላለት ሰዓት ውኃውን ይከፍታል፣ በተሞላለት ሰዓት ይዘጋል፤ ሌላ አያውቅም። አፈሩ መጥገቡን፣ ጉድጓዱ መጉደሉን፣ ሌሊት ዝናብ መጣሉን አይለይም። ምን ያህል ውኃ፣ በስንት ሰዓት፣ ለየትኛው ሰብል የሚለውን ለክቶ የሚሞላለት ባለቤቱ ነው። ልኬቱ ከተሳሳተ ስሕተቱን ሳይታክት በየቀኑ ይደግመዋል።

ጉድጓዱና ግፊቱ

6 ሜትር በ9 ሜትር፣ ማለትም 54 ካሬ ሜትር የሆነ የአትክልት ጓሮ እንውሰድ። በወይና ደጋ፣ በበጋ ወራት፣ ሙሉ ቅጠል ያወጣ አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 54ን በ5 ስናባዛ 270 ሊትር ይመጣል። በርጭት መስኖ ሩብ ያህሉ ውኃ በነፋስ፣ በትነትና እኩል ባለመዳረስ ስለሚባክን ከጉድጓዱ የሚወጣው 360 ሊትር ይሆናል። ይህ 18 ጀሪካን ነው፤ በየቀኑ።

ጉድጓዱ የቤተሰቡና የከብቱም መጠጥ ከሆነ ይህን ቁጥር አቅልላችሁ አትዩት። በጀሪካን ሲቀዳ የሰው ጉልበት ራሱ ገደብ ያበጅለታል፤ ታይመር ግን አይደክመውም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃው በሚጎድልበት በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ፈትሹ። ጠዋት ገመድ አውርዳችሁ የውኃው ወለል የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፤ ከዕለት ፍጆታው ሌላ 18 ጀሪካን አውጡ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ገመዱን መልሳችሁ አውርዱ። ውኃው ወደ ምልክቱ ካልተመለሰ መሬቱን ቀንሱ። ግማሹን ጓሮ በደንብ ማጠጣት ሙሉውን አጠውልጎ ከማቆየት ይሻላል፤ የልጆች መጠጥ ውኃም አይጓደልም።

ቀጥሎ ግፊቱ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ውኃ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ታች የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። የጓሮ ስፕሪንክለር በአግባቡ እንዲረጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋል። ሮቶአችሁ 2 ሜትር ማማ ላይ ከተቀመጠ የምታገኙት 0.2 ባር ብቻ ነው። በከፍታ ብቻ እናሟላ ብንል ከ15 ሜትር በላይ መስቀል ሊኖርብን ነው፤ ከባሕር ዛፍ ጋር የሚፎካከር የሮቶ ማማ የሚሠራ አላየሁም። ስለዚህ ርጭት መስኖ ፓምፕ ወይም በቂ ግፊት ያለው የቧንቧ መስመር ላለው ነው። ሮቶ ብቻ ያላችሁ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራውን የጠብታ መስኖ ትከሉ፤ ውኃም ይቆጥባል።

የታይመሩም ዓይነት እንደ ግፊቱ ይለያያል። አንዳንዱ የሚከፍተውና የሚዘጋው በውኃው ግፊት እየታገዘ ስለሆነ ከሮቶ ጋር በትክክል አይሠራም። ሌላው በውስጡ በሞተር የሚዞር መዝጊያ ስላለው ያለ ግፊትም ይሠራል። ሻጩን በቃል ብቻ አትመኑት። ውኃ የሞላ ባልዲ በትከሻ ከፍታ አስይዛችሁ፣ በቀጭን ጎማ ከታይመሩ ጋር አያይዛችሁ፣ እዚያው ሱቅ በራፍ ላይ ሲከፍትና ሲዘጋ እዩት።

ተከላ

ለ54 ካሬ ሜትሩ በሰዓት 100 ሊትር የሚረጩ 6 ትንንሽ ስፕሪንክለሮች ይበቃሉ። በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው፣ በመካከላቸው 3 ሜትር፣ ከጓሮው ዳር 1.5 ሜትር ርቀው ይተከላሉ። የአንዱ ርጭት የጎረቤቱ እግር ድረስ መድረስ አለበት። «ይደራረባል፣ ይባክናል» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ ይነሳል። ነገር ግን ስፕሪንክለር የሚያደርሰው ውኃ ከራሱ በራቀ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጉድለቱን የሚሞላው የጎረቤቱ ውኃ ነው። ዕቃ ለመቆጠብ ብላችሁ ርቀቱን ብታሰፉ መሐል ላይ ደረቅ ቦታ ይቀራል።

ስድስቱ በአንድነት በሰዓት 600 ሊትር፣ በደቂቃ 10 ሊትር ይጠጣሉ። ምንጩ ይህን መስጠቱን በ20 ሊትር ጀሪካን ለኩ። በክፍት አፍ የሚወርደው ውኃ ከስፕሪንክለሩ ጋር ሲያያዝ ስለሚቀንስ፣ ጀሪካኑ በአንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መሙላት አለበት። ካልሞላ ጓሮውን ለሁለት ከፍላችሁ በየተራ አጠጡ።

የአያያዙ ቅደም ተከተል ከምንጩ ጀምሮ መክፈቻ፣ ማጣሪያ፣ ታይመር፣ ከዚያ ዋናው ቧንቧ ነው። ማጣሪያው ከታይመሩ በፊት የሚሆነው አሸዋ መዝጊያው ላይ ከተቀረቀረ ውኃው ሳይዘጋ ስለሚያድር ነው። ዋናው ቧንቧ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበር፤ ዶማ አያገኘውም፣ ፀሐይም አያሰነጥቀውም። ስፕሪንክለሮቹን ከመግጠማችሁ በፊት ውኃ ለቃችሁ መስመሩን እጠቡ። ከተቆረጠ ቧንቧ የሚቀረው ፍርፋሪ በመጀመሪያው ቀን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ፓምፕ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታይመሩ ውኃውን ሲዘጋ ፓምፑ መሥራቱን ከቀጠለ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ የሚጠፋውና የሚበራው ፓምፑ ራሱ መሆን አለበት፤ ጉድጓዱ ሲጎድል የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም ይጨመርበት። ይህን የኤሌክትሪክ ሥራ ለባለሙያ ስጡ።

ሰዓት አሞላል

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ታይመር ሲተከል «ጠዋት 12 ሰዓት ይሞላ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። የቤቱ ልጅ እንደተጻፈለት 12:00 ሞላ። ታይመር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ በእሱ 12:00 ማለት በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። ጓሮው በጠራራ ፀሐይና በነፋስ ይጠጣ ጀመር። እመቤቲቱ በየቀኑ እያዩት «ባለሙያው ያዘዘው ነው» ብለው ዝም አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ስመለስ መተላለፊያው ረጥቧል፣ የዳር ረድፉ ጎመን ጠውልጓል።

ከዚያ ወዲህ የምጽፈው በሁለቱም ሰዓት ነው። የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት በታይመሩ 05:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00፣ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00 ነው። ለማጠጣት የሚመረጠውም ይኸው ጊዜ ነው፤ ነፋሱ ረግቷል፣ ቅጠሉም ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ይደርቃል። ማታ ማጠጣት ቅጠሉን እርጥብ ስለሚያሳድር፣ በተለይ ቲማቲምና ድንች ላይ ገበሬው ምች የሚለውን በሽታ ይጋብዛል።

ለስንት ደቂቃ ይከፈት? ስድስቱ ስፕሪንክለሮች 360 ሊትሩን የሚሰጡት በ36 ደቂቃ ነው። ይህ ግን የወረቀት ሂሳብ ነው፤ መሬት ላይ የደረሰውን የሚነግራችሁ ጣሳ ነው። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ፣ አንድ ዓይነት 9 የቲማቲም ጣሳ በጓሮው ላይ በእኩል ርቀት ደርድሩ። ነፋስ በሌለበት ለአንድ ሰዓት ከፍታችሁ በእያንዳንዱ ጣሳ የገባውን ውኃ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለኩ። ደምራችሁ ለ9 ስታካፍሉ 10 ሚሊ ሜትር ከመጣ፣ 5 ሚሊ ሜትር የሚገኘው በ30 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ትንሽ ውኃ የደረሰበት ቦታም እንዲጠግብ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩና ወደ 36 ተጠጉ። አንዱ ጣሳ ከሌሎቹ ግማሽ በታች ከያዘ ግን ደቂቃ በመጨመር አይድንም፤ የተደፈነ ወይም የተጣመመ ስፕሪንክለር ፈልጉ።

መረሬ አፈር ያላችሁ 36 ደቂቃውን በአንድ ጊዜ አትልቀቁ። መረሬ ውኃ የሚያሰርገው በዝግታ ስለሆነ ትርፉ ተኝቶ ይቀራል ወይም ወደ ቦዩ ይወርዳል። 12 ደቂቃ በ05:00፣ 12 ደቂቃ በ06:00፣ 12 ደቂቃ በ07:00 አድርጋችሁ ሙሉ። በእጅ ሦስት ጊዜ የሚነሳ ሰው የለም፤ ታይመር ከምንም በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰብልና ክትትል

ርጭት ለችግኝ መደብ፣ ለካሮት፣ ለሰላጣና ለጎመን ይስማማል። ቲማቲምና ቃሪያን ከተቻለ በጠብታ አጠጡ። አዲስ የተዘራ መደብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል፤ ሥሩ የጠለቀ ሰብል በሁለት ቀን አንዴ የሁለት ቀኑን ቢያገኝ ይሻላል። ሽንኩርት ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ውኃው መቆም አለበት። ታይመሩ ይህን ስለማያውቅ ሽንኩርቱን አጠጥቶ ያበሰብስባችኋል።

በሳምንት አንድ ቀን ጣታችሁን ጭቃ አስነኩ። 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ። ከተፈረፈረ ውኃ አንሶታል፤ ጭቃ ሆኖ በጣቶቻችሁ መሐል ከሾለከ በዝቷል። በዚያው ቀን ማጣሪያውን እጠቡ፣ የተደፈነውን ስፕሪንክለር በሽቦ ሳይሆን በመጥረጊያ ስንጥር አጽዱ፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የታይመሩን ባትሪ በየተከላው ወቅት መጀመሪያ ቀይሩ። ባትሪው ውኃው እንደተዘጋ ካለቀ ችግኙ ይደርቃል፤ እንደተከፈተ ካለቀ ጉድጓዱ ይሟጠጣል። ቤተሰቡ ለሠርግ ወይም ለበዓል ከቤት የሚርቅ ከሆነ ጎረቤት መክፈቻውን መዝጋት ይልመድ። የበልግ ዝናብ የጣለ ቀን መክፈቻው በእጅ ይዘጋል።

ለተግባር ልምምዱ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ አንድ ዓይነት የሆኑ 9 ጣሳዎች፣ አንድ ማስመሪያና የጓሮአችሁን ርዝመትና ስፋት የጻፋችሁበት ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ታይመሩን በጋራ የምንሞላው ከየጓሯችሁ ቁጥር ተነስተን ነው።