የወባ መድኃኒት ትኩሳቱ ሲለቅ አያበቃም



ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየቦታው ሲያቁር፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በማጀቴ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ወባ ይበረታል። በዚህ ወቅት በመድኃኒት መስኮት ደጋግመን የምንሰማው ንግግር አለ፦ «ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ የቀረውን ኪኒን ለልጆቹ አስቀመጥኩት»። ይህ ቅሪት ኪኒን ያስቀመጠውንም ነገ የሚውጠውንም ይጎዳል። እንዴት?

ኮአርተም ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አርቴሜተር አብዛኛውን ተሐዋሲ ፈጥኖ ይገድላል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። የተረፈውን የሚያጠራው ሉሜፋንትሪን የተባለው ሁለተኛው ነው። እርሱ ለቀናት በደም ውስጥ ይቆያል፤ በበቂ መጠን የሚጠራቀመው ግን ሦስቱም ቀን ሲወሰድ ነው። ያቋረጠ ሰው ጠላቱን አቁስሎ ለቀቀው ማለት ነው፤ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። መድኃኒቱን በከፊል የሚቋቋም ወባም በኤርትራ፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ክብደቱ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ይውጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፤ በድምሩ 24 ፍሬ። የልጅ መጠን በክብደት ስለሚለያይ የአዋቂን ቅሪት ለልጅ መስጠት አደጋ አለው።

ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ አይሰርግም። ስለዚህ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ዘይት ካለው ወጥ ጋር ይወሰድ። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ በእነዚህ ቀናት ቢቀር ይመረጣል። ከዋጡ በኋላ ወዲያው ቢያስመልስዎ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሰው ይጠይቁ።

በረመዷን የታመመስ? ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር አንግፋው። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 185 ለታመመ ሰው ፆሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል፤ ቀዷውን ሲድን ያወጣል።

ቫይቫክስ የተባለው ወባ ደግሞ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ለዚህ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ሊታዘዝ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት መውሰድ ስለሌለባት እርግዝናዋን አስቀድማ ትናገር። ፕሪማኪን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እህቶችና ወንድሞች! ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ታይፎይድም ሌላም ሊሆን ይችላል። ቅሪት ኪኒን ከመፈለግ በፊት ደም እንመርመር። የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚቃዠው፣ ውኃ እንኳ የማይረጋለት ሰው ግን ኪኒን አይጠበቅበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያቅርብላቸው። አሚን!