ሰምና ሞራ

ከማር እንጀራ ማሩ ከተለየ በኋላ ሰሙ ይቀራል። ጧፍ ሠሪ ሰሙን በውኃ አፍልቶ በጨርቅ ያጠልለዋል። በቀዘቀዘም ጊዜ ንጹሑ ሰም በውኃው ላይ ይረጋል።

ጧፍ ለመሥራት ሰሙ እንደ ገና ይቀልጣል። የሰም ድስት ግን በእሳት ላይ ብቻውን አይጣድም፤ ውኃ ባለበት በሌላ ድስት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ። ሰም በ64 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና የፈላ ውኃ ሙቀት ይበቃዋል። ሰሙ እሳት ቢይዘው ክዳን ይከደንበታል እንጂ ውኃ አይፈስበትም፤ ውኃ ነበልባሉን ያስነሣዋልና። በቀለጠውም ሰም የጥጥ ፈትል ይነከራል።

መቀላቀል ሁሉ ክፉ አይደለም። ሸቭረል የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ሞራን መርምሮ ደረቁን ክፍል ለየ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1825 ዓመትም ከባልንጀራው ከጌይ ሉሳክ ጋራ ለሻማ ሥራ የፈጠራ መብት ወሰደበት። ይህ ስቴአሪን የተባለው ነገር ከፓራፊን ጋራ ቢቀላቀል ሻማውን ያጠነክረዋል።

ነገር ግን «ንጹሕ ሰም ነው» እያለ ሞራ የቀላቀለበትን ጧፍ የሚሸጥ ሰው አታላይ ነው። ሰምና ሞራ በድስት ውስጥ ሲቀልጡ አንድ ይመስላሉ፤ ገዢውም አይለያቸውም። ሞራ ግን ከሰም ይልቅ በጥቂት ሙቀት ይቀልጣልና፥ ጧፉ ሲበራ ይለሰልሳል፥ ይጎብጣል፥ ይጨሳል። በጥቂት ገንዘቡ የገዛው ድኻ ተማሪም ትምህርቱን ሳይጨርስ በጨለማ ይቀራል።

ልጄ ሆይ፥ የቀላቀልኸውን ለገዢው ንገረው። ድስት የሸሸገውን እሳት ይገልጠዋልና።